ኢንተግራሉ እምቢ ሲለኝ ጊዜን አዞርኩት

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ኢንተግራል አስቸገረኝ። በኢንፍሌሽን ዘመን (ዩኒቨርስ ገና ሲጀመር በቅጽበት እጅግ በተለጠጠበት ጊዜ) የተፈጠሩ መዋዠቆች በሦስት ነጥቦች መካከል ምን ያህል እንደሚዛመዱ ነበር የማሰላው። በፓይተን ኮድ የኢንተግራሉን የመነሻ ጊዜ ወደ ኋላ በገፋሁት ቁጥር መልሱ ይለዋወጣል። ውስጡ ያለው ሞገድ ወደ ኋላ ሲኬድ አይከስምማ! እንዲያውም ይበረታል።

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ በእጄ ሠራሁት። መፍትሔው ጊዜን ወደ ምናባዊው (imaginary) ቁጥሮች ዘንግ ማዞር ነው። ያኔ የሚዋዥቀው ሞገድ ቶሎ የሚከስም ኤክስፖነንሻል ይሆናል። ደስ የሚለው፣ ይህ የሒሳብ ዘዴ ብቻ አይደለም። የሚዋዥቀው መስክ (ፊልድ) ሲጀምር በዝቅተኛው የኃይል ሁኔታ ላይ እንደነበር የሚናገረውም ይሄው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስሌቱ ሁለት የጊዜ ቅርንጫፎች አሉት፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ። ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞራችሁ አንደኛው ይፈነዳል። እኔ አሁን አንዱን ብቻ አሰላና ለሌላው ኮንጁጌቱን (የምናባዊ ክፍሉ ምልክት የተገለበጠውን) እወስዳለሁ።

ለማረጋገጫ ቀላል ኢንተግራል ሞከርኩ፤ የጊዜ ካሬ በሞገዱ ተባዝቶ። በእጅ ሲሠራ መጠኑ 2 ሲካፈል ለሦስቱ ሞገዶች የሞገድ ቁጥሮች (wavenumber) ድምር ኪዩብ ነው። ኮዱም ያንኑ ሰጠኝ።