ቢልድ ያደረጋችሁት ፋይል የት ገባ? አውትፑት ፎልደር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የፋይናል ፕሮጀክት ሰሞን ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልዲያም የሚመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው ዘሩ አንድ ነው። "ኮዱን ቀየርኩት ግን ለውጡ አይታይም"፣ "እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል ጓደኛዬ ጋ ግን እምቢ አለ"፣ "ቢልድ ጨርሻለሁ ይለኛል ፋይሉ ግን የለም"። ልጆቹ ኮዳቸውን ሲያገላብጡ ያድራሉ፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምላቸው አብሽሩ፣ ኮዱን ተዉትና መጀመሪያ የቢልዱ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመቀየሩ ሥራ) ውጤት የትኛው ፎልደር እየገባ እንደሆነ አሳዩኝ ነው፣ ምክንያቱም ከነዚህ ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልሳቸው እዚያ ነው ያለው።

አንድ መለኪያ ልስጣችሁ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምመዝነው በሱ ነው። አውትፑት ፎልደር ማለት የቢልዱ ውጤት የሚገባበት፣ አሁን በዚች ደቂቃ ሙሉውን ብትሰርዙት ምንም የማይጎድልባችሁ፣ በአንድ ኮማንድ ተመልሶ የሚሠራ ፎልደር ነው። ለመሰረዝ እጃችሁ ካመነታ የሆነ ነገር ያለቦታው ገብቷል ማለት ነው።

ሶርሱንና (የጻፋችሁትን ኮድና) ውጤቱን አንድ ላይ መዘርገፍ

ታይፕስክሪፕት (የቲኤስ ፋይልን ወደ ጃቫስክሪፕት ማለትም ጄኤስ የሚቀይረው) ላይ አውት-ዲር (ውጤቱ የሚገባበት ፎልደር የሚጻፍበት ሴቲንግ) የሚለውን ካልሞላችሁት የሚወጣው የጄኤስ ፋይል እዚያው ከቲኤስ ፋይሉ ጎን ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ፋይሉ ጥቂት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፣ ፕሮጀክቱ ሲያድግ ግን ሁለቱ ተመሳሳይ ስም ስላላቸው ከቡድኑ አንዱ የጄኤሱን ከፍቶ ሲያስተካክል ያመሻል፣ ጠዋት ሌላው ቢልድ ሲያደርግ የማታው ሥራ በሙሉ ተጽፎበት ይጠፋል። እህልና ዱቄት አንድ ማዳበሪያ ውስጥ አይጨመርም፣ ይሄም እንደዚያው ነው።

ሲ ፕላስ ፕላስ የምትሠሩ ደግሞ ሲሜክን (ቢልዱን የሚያዘጋጀውን ቱል) ሶርሱ ፎልደር ውስጥ ቆማችሁ አታስነሱት። አንዴ ካስነሳችሁት ሲሜክ-ካሽ የሚባል ሴቲንጉን የሚያስታውስበት ፋይል እዚያ ይተክላል፣ ከዚያ በኋላ ነቅታችሁ ቢልድ የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ከውስጡ ሆናችሁ ወደ ላይኛው ፎልደር ብትጠቁሙት እንኳ ሲሜክ ያንን የቆየ ካሽ ያይና "አሃ ቢልዱ እዚህ ነው" ብሎ እንደገና ሶርሱ ላይ ይዘረግፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲሜክ ተበላሸ ይላል። አልተበላሸም፣ ሶርሱ ውስጥ ያለውን ካሽና ሲሜክ-ፋይልስ የሚለውን ፎልደር አጥፉ፣ ከዚያ በትልቁ ኤስ (-S) ሶርሱን በትልቁ ቢ (-B) የቢልዱን ፎልደር ለይታችሁ ንገሩት፣ አለቀ።

ሩት-ዲርን ሳይሞሉ መተው

ሩት-ዲር የታይፕስክሪፕት ሶርስ መነሻ ፎልደር የሚጻፍበት ሴቲንግ ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ነው ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሰው የሚያንገላታው ይሄ ነው። ኮዱ ሁሉ ኤስአርሲ (src) ፎልደር ውስጥ ነው፣ አውት-ዲር ዲስት (dist) የሚባል ፎልደር ነው፣ ቢልድ ሲደረግ ዲስት/ኢንዴክስ ይወጣል፣ ሰርቨሩም የሚነሳው ከሱ ነው፣ ለወራት ሰላም ነው። አንድ ቀን ከቡድኑ አንዱ የቨርዥን ቁጥሩን ለማሳየት ብሎ ከኤስአርሲ ውጭ ያለውን የፓኬጅ ጄሰን ፋይል (የፕሮጀክቱ ስምና ቨርዥን ያለበትን) ኢምፖርት ያደርገዋል፣ ወይ ስክሪፕትስ የሚል ፎልደር ከጎን ከፍቶ አንድ የቲኤስ ፋይል ይጨምራል። ሩት-ዲር ካልተሞላ ታይፕስክሪፕት (እስከ ቨርዥን 5 ድረስ ባለው ማለቴ ነው) የሁሉንም ፋይሎች የጋራ መነሻ ራሱ ነው የሚያሰላው፣ አሁን የጋራ መነሻው ኤስአርሲ መሆኑ ቀርቶ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ፣ ስለዚህ ውጤቱ ዲስት/ኤስአርሲ/ኢንዴክስ ሆኖ ይወጣል። ምንም ኤረር የለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ታይፕስክሪፕት ዲስትን አያጸዳም። ስለዚህ የድሮው ዲስት/ኢንዴክስ እዚያው አለ፣ ሰርቨሩም የሚያነሳው እሱኑ ነው፣ አዲሱ ኮድ በትክክል ኮምፓይል ሆኖ አንድ ፎልደር ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ግን ማንም አይጠራውም። ልጁ ኮንሶል ላይ የሚታተም መስመር ይጨምራል አይታተምም፣ ሙሉ ፈንክሽን ይሰርዛል አሁንም ይሠራል፣ ብራውዘሩን ይወቅሳል፣ ካሽ ያጠፋል፣ ላፕቶፑን ሪስታርት ያደርጋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ዲስትን ክፈቱና ኤስአርሲ የሚል ፎልደር ውስጡ አለ ወይ ብላችሁ እዩ፣ ከፋይሎቹ ጎን ያለውን ሰዓትም እዩ፣ ኢንዴክሱ የባለፈው ሳምንት ከሆነ መልሱን አገኛችሁት።

መድኃኒቱ ሩት-ዲርን "ኤስአርሲ" ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው፣ ኢንክሉድ የሚለውንም (የትኞቹ ፋይሎች ቢልድ ይደረጉ የሚለውን ሴቲንግ) እንደዚያው። ያኔ አንድ ሰው ከውጭ ፋይል ሲስብ ቢልዱ ራሱ ይሄ ፋይል ከሩት-ዲር ውጭ ነው ብሎ ቀይ ኤረር ያወጣል። ዲፌንስ ቀን አድቫይዘር ፊት ከሚደርስባችሁ ዛሬ ተርሚናሉ ላይ ቢጮህባችሁ በጣም ይሻላል።

ሳያጸዱ መቀጠል፣ ወይም ግማሹን ብቻ ማጽዳት

ከላይ እንዳልኩት ሶርሱን ብትሰርዙትም የድሮ ውጤቱ ዲስት ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ቢልድ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ዲስትን ያጥፋ። ግን እዚህም ወጥመድ አለ፣ ኢንክሪመንታል የሚለውን (የተቀየረውን ብቻ እንደገና የሚሠራበትን) ከከፈታችሁ ታይፕስክሪፕት የትኛውን እንደሠራ የሚመዘግብበት ቢልድ-ኢንፎ የሚባል ፋይል አለው፣ ሩት-ዲር ኤስአርሲ አውት-ዲር ዲስት ስትሉት ደግሞ ይሄ ፋይል የሚቀመጠው ከዲስት ውጭ ከኮንፊጉ ጎን ነው። ዲስትን አጥፍታችሁ ቢልድ ስትሉት መዝገቡን ያይና "ምንም የተቀየረ የለም" ብሎ ምንም ሳያወጣ ይጨርሳል፣ ዲስት ባዶ። የቢልድ-ኢንፎውን ቦታ ኮንፊጉ ላይ ዲስት ውስጥ አድርጉት፣ አብረው ይጠፋሉ አብረው ይሠራሉ።

ዌብፓክ 5 (የዌብ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚያሽግ ቱል) ላይ አውትፑት ውስጥ ክሊን የሚለውን ትሩ ማድረግ በቂ ነው።

የሌላ ሰው ፎልደር ላይ ማውጣት

ይሄ ከሁሉም አደገኛው ነው፣ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ፍሮንትኤንዱ በሪአክት፣ ባክኤንዱ በላራቬል ነው እንበል፣ ሰዉ ኮፒ ማድረግ ይሰለቸውና የቪትን (እንደ ዌብፓክ ያለ የፍሮንትኤንድ ቢልድ ቱል ነው) አውት-ዲር በቀጥታ ወደ ላራቬሉ ፐብሊክ ፎልደር ያዞረዋል። ቪት አውትፑቱ ከፕሮጀክቱ ውጭ መሆኑን ሲያይ በራሱ አያጸዳውም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ያወጣል። ልጁ ቢጫዋ ጽሑፍ ስለረበሸችው ኢምፕቲ-አውት-ዲርን (ከቢልድ በፊት ፎልደሩን የሚያጸዳውን ሴቲንግ) ትሩ ያደርግና ይገላገላል። የሚቀጥለው ቢልድ ላይ ፐብሊክ ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጸዳል፣ ላራቬል የሚነሳበት የኢንዴክስ ፒኤችፒ ፋይልም፣ ተጠቃሚ የጫነው ፎቶ እዚያ ከነበረ እሱም። ኢንዴክሱ ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ቱል) ላይ ካለ ይመለሳል፣ ፎቶው ግን አይመለስም። ፐብሊክ ውስጥ ለብቻው አንድ ንዑስ ፎልደር ስጡት፣ ከሱ ሌላ ምንም የማይገባበት።

የዲስክ ቦታና የዌብ አድራሻን ማምታታት

ፋይሉ ዲስክ ላይ የት ይቀመጥ የሚለውና ብራውዘሩ በምን አድራሻ ይጥራው የሚለው ሁለት የተለያየ ሴቲንግ ነው። ዌብፓክ ላይ ፓዝ እና ፐብሊክ-ፓዝ፣ ቪት ላይ አውት-ዲር እና ቤዝ። ጊትሃብ ፔጅስ (ሪፖን ማለትም የጊት ፕሮጀክትን እንደ ዌብሳይት የሚያሳየው) ላይ ጭናችሁ ነጭ ገጽ ብቻ ከመጣና ኮንሶሉ በ404 ከተሞላ አውት-ዲርን አትነካኩ፣ ቤዝ ላይ የሪፖውን ስም ጻፉ።

የራስን ላፕቶፕ አድራሻ ኮንፊግ ላይ መጻፍ

ከሲ ድራይቭ ጀምሮ የራሳችሁን ዩዘር ስም ያለበት ሙሉ አድራሻ ኮንፊግ ላይ ካስቀመጣችሁ ጓደኛችሁ ጋ አይሠራም፣ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ባክስላሹን ነው። ጄሰን ፋይል ውስጥ አንድ ባክስላሽ ቀጥሎት ቢ ከመጣ ባክስፔስ ማለት ነው፣ ቲ ከመጣ ታብ፣ ስለዚህ በባክስላሽ የተጻፈ "ቢልድ" የመጀመሪያ ፊደሉ ተበልቶ የማይታወቅ ስም ይሆናል። ዊንዶውስ ላይም ቢሆን ወደፊት ያዘነበለውን ስላሽ ተጠቀሙ፣ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያሠራው) ላይ የተመሠረቱት ቱሎች ይቀበሉታል። ዌብፓክ ሙሉ አድራሻ ነው የምፈልገው ካላችሁ ደግሞ በእጅ አትጻፉት፣ በፓዝ ሪዞልቭ (ሙሉ አድራሻ የሚያሰላ የኖድ ፈንክሽን) ኮንፊጉ ካለበት ፎልደር ተነስቶ ራሱ ያስላው። በተረፈ ፋይል ስም ላይ ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም ሊኑክስ ሰርቨር ግን ይለያል።

ፍላሽ ላይ ቢልድ ማድረግ

እኛ አገር ይሄ ብዙ ነው፣ ቀን ላብ ውስጥ ማታ ቤት፣ ፕሮጀክቱ ፍላሽ ላይ ከኮምቦልቻ ደሴ ይመላለሳል። ሶርሱ ይመላለስ፣ ቢልድ ፎልደሩ ግን አይመላለስ። ሲሜክ ካሹ ላይ የተፈጠረበትን ሙሉ አድራሻ ስለሚጽፍ ላብ ውስጥ ኢ ድራይቭ የነበረው ፍላሽ ቤት ዲ ሲሆን ካሹ የተሠራው ሌላ ቦታ ነው ብሎ ይቆማል። ሜክ (ቢልዱን የሚያስኬደው ቱል) ደግሞ የሚያየው የፋይሉን ሰዓት ነው፣ የላቡ ኮምፒውተር ባትሪው ደክሞ ሰዓቱ የተዛባ ከሆነ እዚያ የተቀየረው ፋይል ቤት ስትደርሱ ከወደፊት የመጣ ወይም ያረጀ መስሎ ይታየዋል፣ ሊሠራ የሚገባውን ይዘለዋል።

መብራት ቢልድ መሃል ላይ ሲሄድም እንደዚሁ፣ በግማሽ የተጻፈ ኦብጀክት ፋይል (የአንድ ሶርስ ፋይል ኮምፓይል ውጤት) ይቀራል፣ ሰዓቱ ግን አዲስ ስለሆነ ሜክ ይሄ ተሠርቷል ብሎ ያልፈዋል፣ በኋላ ሊንከሩ (ኦብጀክቶቹን አያይዞ ፕሮግራሙን የሚያወጣው) ትርጉም የማይሰጥ ኤረር ይደረድራል። መብራት ሲመለስ ኤረሩን ጎግል ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ቢልድ ፎልደሩን አጥፉና እንደገና ሥሩት።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ሲሜክ ላይ የራንታይም አውትፑት ዳይሬክተሪን (ፕሮግራሙ የሚወጣበትን ፎልደር) ከአድ-ኤክስኪዩተብል (ፕሮግራሙን ከሚፈጥረው ትእዛዝ) በኋላ ከጻፋችሁት ለዚያ ፕሮግራም አይሠራም፣ በፊት መሆን አለበት። ዊንዶውስ ላይ ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጭነው ላይብረሪ) የሚወጣው በራንታይም አውትፑት ሴቲንጉ ነው፣ በላይብረሪው ሴቲንግ አይደለም። ቪዥዋል ስቱዲዮ ደግሞ ከሰጣችሁት ፎልደር ሥር ዲበግ ወይም ሪሊዝ የሚል ራሱ ይጨምራል፣ ፋይሉ ጠፋ ከማለታችሁ በፊት እዚያ ግቡ።

ዶትኔት ላይ ሁለት ፕሮጀክት ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ካለ ሁለቱም አንድ ኦብጄ (obj) ፎልደር ላይ ይጽፋሉ፣ አንዱ የሌላውን ያበላሻል፣ በየፎልደራቸው ለዩዋቸው። ግሬድል (የጃቫና የአንድሮይድ ቢልድ ቱል) ላይ ቢልድ-ዲር የሚለው አሮጌው መንገድ ከቨርዥን 8 ወዲህ ተውት እየተባለ ስለሆነ ሌይአውት ውስጥ ያለውን ቢልድ-ዳይሬክተሪ ተጠቀሙ፣ ሁለት ሞጁል አንድ ፎልደር አትስጧቸው።

ጊት ላይ ደግሞ ቢልድ ፎልደሩን ኮሚት አድርጋችሁ ከሆነ ጊትኢግኖር (ጊት የማይከታተላቸው ዝርዝር) ላይ ስሙን ዛሬ መጻፍ ብቻውን አይረዳችሁም፣ ጊት አንዴ የያዘውን ፋይል መከታተሉን አያቆምም። ጊት አርኤምን በካሽድ (git rm -r --cached) አድርጋችሁ ከመዝገቡ አውጡት፣ ፋይሉ ከዲስካችሁ አይጠፋም፣ ከዚያ ኮሚትና ፑሽ አድርጉ፣ ጓደኞቻችሁም ፑል ሲያደርጉ የነሱ ቢልድ ፎልደር ስለሚሰረዝ እንዳይደነግጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው።