ሳይመረቁ ልምድ መያዝ፦ የተግባር ልምምድን ከዲግሪው ጋር ማቀድ

ከዲፓርትመንቱ የሁሉንም ዓመት የኮርስ ዝርዝር በ2ኛ ዓመት መጀመሪያ ውሰዱ። ለተግባር ልምምዱ ቅድመ ሁኔታ የሆኑትን ኮርሶች አስምሩባቸው፤ ከእነሱ አንዱ ከወደቀ ልምምዱም አብሮ ይገፋል።

ቀጥሎ በሙያችሁ የወጡ አሥር የሥራ ማስታወቂያዎችን ከጋዜጣ ሰብስቡ፤ በተለይ የሥራ ልምድ «0 ዓመት» የሚሉትን። በሦስቱና ከዚያ በላይ የተጠየቀ፣ ኮርሶቻችሁ ውስጥ ግን የሌለ ነገር (ለአካውንቲንግ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ለሲቪል ምህንድስና የንድፍ መሥሪያው አውቶካድ) የክረምት ሥራችሁ ነው። ለጥናቱ አዲስ አበባ 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይበቃል።

ብዙው ሰው የሚሰናከለው የትብብር ደብዳቤው ላይ ነው። «ለተማሪያችን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወደ ሰው ሀብት ይመራል፤ እዚያም የትኛው ክፍል እንደሚቀበላት የሚያውቅ ስለሌለ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሥራ ክፍሉን ኃላፊ አነጋግሩ፦ ሰው ትቀበላላችሁ? ለስንት ሳምንት? ምን ለማሠራት? መልሱን ይዛችሁ ደብዳቤው የክፍሉን ስም፣ የሥራውን ዓይነት፣ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የአማካሪውን ስልክ ጠቅሶ እንዲጻፍ ጠይቁ። ስታስገቡ ቅጂው ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፉ። በሦስተኛው የሥራ ቀን በዚያ ቁጥር «ወደ ማን ተመራ?» ብላችሁ ተከታተሉ። ቁጥር ያልያዘ ሰው ሁሌም «ነገ ተመለስ» ይባላል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ በሰኔ ፋይናንስና ግዥ ክፍሎች አዲስ ሰው ለማስተማር ፋታ የላቸውም። ደብዳቤው ሚያዝያ ላይ ይግባ። የአካውንቲንግ ተማሪዎች ቀድመው ከገቡ የንብረት ቆጠራውንና የሂሳብ መዝጊያውን በዓይናቸው ያያሉ፤ ያ በክፍል ውስጥ አይገኝም።

ትምህርት ሳይቋረጥ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ለመለማመድ ከ5 ኪሎና ከ6 ኪሎ ግቢዎች በእግር የሚደረስ ትንሽ ቢሮ፣ የታክሲ ሰልፍ ቀኑን ከሚበላበት ትልቅ ስም ይሻላል።

በልምምዱ ወቅት ቀኑን፣ የሠራችሁትን፣ የተሳሳታችሁትንና ያረማችሁበትን መንገድ በደብተር ያዙ፤ በየሳምንቱ ኃላፊው ይፈርምበት። ስትጨርሱ የምትቀበሉት ማስረጃ የሠራችሁትን ዘርዝሮ ይጻፍ። ብዙ ቀጣሪ የሥራ ዘመን የሚቆጥረው ከምረቃ በኋላ ነውና ቀናቱ ብቻ አይጠቅሟችሁም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያናግራችሁ ዝርዝሩ ነው።

ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 በመቶ ማለፍ ግዴታ ነው። ልምምዱን ከመጨረሻው ሴሚስተር በፊት ጨርሱት።