የኮኮዋ ቅቤ ቅባት ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የኮኮዋ ቅቤ በክፍል ሙቀት ቢላ ሲያርፍበት ተሰብሮ የሚፈናጠር ደረቅ ነገር ነው። ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ግን ይቀልጣል፤ መዳፍ ላይ ሲያርፍ መለስለስ የሚጀምረውም የቆዳችን ሙቀት ለዚያ ስለሚቀርብ ነው። ቤት የተሠራ ቅባት ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዘይቱን ወይም ቅቤውን የሸጠለትን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ሙቀቱ ላይ ነው፦ ስንት ዲግሪ ደረሰ፣ ምን ያህል ቆየ፣ በምን ፍጥነት ቀዘቀዘ። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ውሃ ነው።

ከታች የምንናገረው በሁለት መነሻ ልኮች ላይ ተመሥርተን ነው። ለሚመታ ለስላሳ ቅባት፣ ለ200 ግራም፦ የኮኮዋ ቅቤ 50፣ የሺአ ቅቤ 80፣ የአልሞንድ ወይም የጆጆባ ዘይት 69፣ ቫይታሚን ኢ 1 ግራም። ለደረቅ የገላ ባር፦ የኮኮዋ ቅቤ፣ የንብ ሰምና ዘይት በክብደት እኩል በእኩል፣ ለምሳሌ 60 ግራም ከእያንዳንዱ። በስኒ ለሚለካ ሰው ልኩ በየጊዜው ይለዋወጥበታል፤ የቅቤው ቁርጥራጭ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ አንዱ ስኒ ከሌላው እኩል አይመዝንም። ግራም የሚያነብ ሚዛንና ቴርሞሜትር ከሌለ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ግምት ሆኖ ይቀራል።

አሸዋ አሸዋ ይላል

ከሁሉም የሚበዛው አቤቱታ ይኸው ነው። መጀመሪያ ቅንጣቱ ምን እንደሆነ ለዩ። አንዷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጋችሁ እሹዋት። በጥቂት ሰከንድ ከቀለጠች የቅቤው ቅንጣት ናት። ካልቀለጠች ወይ በደንብ ሳይቀልጥ የቀረ ሰም ናት፣ ወይ ቅባቱ እንዳይከብድ የተጨመረና በወንፊት ያልተነፋ የበቆሎ ስታርች። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ጣት አያሸንፈውም።

የኮኮዋ ቅቤ ሲረጋ ስድስት ዓይነት የክሪስታል አደራደር ሊይዝ ይችላል። የላላው ዓይነት 17 ዲግሪ አካባቢ ሲቀልጥ ጠንካራው እስከ 36 ዲግሪ ድረስ ይቆያል። የሺአ ቅቤም ቶሎ የሚረጋና ዘግይቶ የሚረጋ ስብ አብሮ ይዟል። የቀለጠው ድብልቅ ጠረጴዛ ላይ ተትቶ በዝግታ ሲቀዘቅዝ፣ ቀድሞ የሚረጋው ስብ ለብቻው እየተሰባሰበ ቅንጣት ይሠራል፤ የቀረው ዙሪያውን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። በተሠራበት ቀን ምንም ያልነበረበት ቅባት ከሳምንት በኋላ አሸዋ ከሆነ ደግሞ በመካከል ሞቆ፣ በከፊል ቀልጦ፣ እንደገና በዝግታ ረግቷል። መኪና ውስጥ ወይም መስኮት አጠገብ የዋለ ብልቃጥ እንዲህ ይሆናል።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው፦

1. ሁሉንም በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን መልሳችሁ አቅልጡ። ሰም ከሌለበት 60 ዲግሪ፣ ሰም ካለበት 70 ዲግሪ ሲደርስ 15 ደቂቃ ያህል እዚያው አቆዩት። ጥርት ብሎ መታየቱ ብቻውን አይበቃም፤ ዓይን የማያየው ቅንጣት ከቀረ ሲቀዘቅዝ ሌላውን ስብ ወደ ራሱ ይሰበስባል።
2. ሳህኑን በረዶ ባለበት ውሃ ላይ አስቀምጡና ሳታቋርጡ አማስሉ። ጠርዙ ቀድሞ ስለሚረጋ በጎማ ማንኪያ እየፋቃችሁ ወደ መሃል መልሱት። ከሥር ያለው ውሃ ሳህኑ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።
3. ደፍርሶ እንደ ቀጭን እርጎ ሲሆን ወደ ብልቃጡ ገልብጡና ወዲያው ፍሪጅ አስገቡት። የሚመታ ከሆነ ከመገልበጥ ፋንታ ሳህኑን እንዳለ ፍሪጅ አስገቡት።

መዓዛ ያለው ዘይት ገብቶበት ከነበረ በማሞቁ የተወሰነው ይተናል። ሙሉውን መጠን ደግማችሁ ከመጨመር ግን ተቆጠቡ፤ ምን ያህሉ እንደቀረ ስለማይታወቅ በቀላሉ ከልክ ያልፋል። ለነገሩ አሸዋው ቆዳ ላይ ስለሚቀልጥ ጉዳት የለውም። ለራሳችሁ የሠራችሁት ከሆነና የማይረብሻችሁ ከሆነ ተቀብታችሁ መጨረስም ያስኬዳል።

ባሩ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ነገር ወጣ

በእርጥብ ያልሆነ ጣት እሹት። ቀልጦ ከጠፋ ቅቤው አደራደሩን እየቀየረ ወደ ላይ ያወጣው ስብ ነው፤ የቆየ ቸኮሌት ላይ የሚታየው ዓይነት። ምንም አያደርግም። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ የሚያሳይ ከሆነ ግን ሻጋታ ነው፤ ላዩን ፍቆ መጠቀም አይሠራምና ሙሉውን ጣሉት።

ድንጋይ ሆነ፣ ወይም ቅርጽ አልይዝ አለ

ይህ የልክ ጉዳይ ነው። ሳይገለብጡ በፊት ማወቅ ይቻላል፦ ከቀለጠው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፍሪዘር ውስጥ በቆየ ሳህን ላይ አፍስሱና እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ክፍል ሙቀት ሲመለስ በጣት ሞክሩት። ከደረቀ ለ100 ግራም ድብልቅ 5 ግራም ዘይት፣ ከላላ ለ100 ግራም ከ2 እስከ 3 ግራም ሰም ጨምሩና ሙከራውን ድገሙ። ሰም የምትጨምሩ ከሆነ ሙሉው ድብልቅ እንደገና 70 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለብ ባለው ላይ የተጨመረ ሰም ቅድም ያልነውን የማይቀልጥ ቅንጣት ይሠራል።

ቅባቱ ሲመታ አልነፋም፣ ወይም ነፍቶ ተመልሶ ወረደ

ፈሳሽ ዘይት አየር አይዝም፤ ድንጋይ የሆነ ቅቤም አይዝም። አየር የሚገባው በሁለቱ መካከል ባለች አጭር ጊዜ ነው። ሳህኑን ከፍሪጅ ስታወጡ ጠርዙ ነጭና ደፍራሳ፣ መሃሉ ገና ለስላሳ መሆን አለበት፤ ጣት ሲጫነው ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቀራል፣ ጣቱ ግን እስከ ታች አይዘልቅም። ለ200 ግራም ይህ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ የሳህኑ ስፋትና የፍሪጁ ቅዝቃዜ ስለሚለያይ ሰዓቱን ትታችሁ ጣታችሁን እመኑ።

ከዚያ በኤሌክትሪክ መምቻ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ምቱት፤ በየደቂቃው አቁማችሁ ጠርዙን ፋቁ። ቀለሙ ከቢጫ ወደ ነጣ ያለ ክሬም ሲቀየርና መምቻው ሲነሣ ጫፍ ሲሠራ በቃ። እየተመታ ከላላ መምቻው ራሱ አሙቆታል፤ ለ10 ደቂቃ ፍሪጅ መልሱትና ቀጥሉ። ድንጋይ ሆኖ ከቆያችሁ ደግሞ በማንኪያ ሰባብራችሁ ክፍል ውስጥ ተዉት እንጂ እሳት ላይ አትመልሱት።

ነፍቶ ከቀናት በኋላ የወረደ ቅባት ሞቆ ነው። ክፍሉ አዘውትሮ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ በእኛ ግምት የሚመታውን ቅባት ትቶ ባር መሥራቱ ይሻላል። ሰም እየጨመሩ ማጠንከር ይቻላል፤ ግን የተገኘው ነገር ለስላሳም አይሆን ባርም አይሆን።

ከቅርጽ ማውጫው አልወጣ አለ፣ ተሰነጠቀ፣ መሃሉ ጎደጎደ

የኮኮዋ ቅቤ በደንብ ሲረጋ ይኮማተራል፤ በዚህ ምክንያት ባሩ ከቅርጽ ማውጫው ግድግዳ በራሱ ይላቀቃል። ካልተላቀቀ አልረጋም ማለት ነው፦ ለ20 ደቂቃ ፍሪዘር አስገቡና እንደገና ሞክሩ። ሲሊኮን ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሻላል። መሰንጠቅ የሚመጣው በጣም ትኩስ ሆኖ ወዲያው ፍሪዘር ሲገባ ነው፤ ውጪው ረግቶ ሲያበቃ ውስጡ ገና እየተኮማተረ ይስበዋል። መሃሉ የሚጎደጉደውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ በተለይ ሰም ሲበዛ። መጀመሪያ በክፍል ሙቀት ላዩ እስኪደፈርስ ጠብቁ፣ የጎደለውን ከተረፈው ትኩስ ድብልቅ ሙሉበት፣ ከዚያ ፍሪጅ አስገቡ። ከፍሪጅ የወጣ ባር ላይ ላቦት ከታየ ሳታሽጉት በፎጣ አድርቁት።

ሎሽኑ ተለያየ፦ ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ

ውሃ ሲገባ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። እስካሁን የነገርናችሁ ሁሉ ውሃ የሌለበት ቅባት ነው። ሰም ብቻውን ውሃንና ዘይትን አያዋህድም፤ ሁለቱን የሚያዋህደው “ኢመልሲፋይንግ ዋክስ” የሚባለው ሌላ ነገር ነው፣ ስሙ ቢመሳሰልም የንብ ሰም በእርሱ ቦታ አይገባም። ለ100 ግራም ሎሽን የሚሠራ ልክ ይህ ነው፦ የተጣራ ውሃ 69፣ ግሊሰሪን 3፣ ኢመልሲፋይንግ ዋክስ 6፣ የኮኮዋ ቅቤ 8፣ ዘይት 12.5፣ ፕሪዘርቫቲቭ (ባክቴሪያና ሻጋታ የሚከላከል) 1፣ ቫይታሚን ኢ 0.5።

ውሃውና ግሊሰሪኑ በአንድ ዕቃ፣ ዘይቱ፣ ቅቤውና ዋክሱ በሌላ ዕቃ፣ ሁለቱም ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ይድረሱ። የብዙ ሰው ሎሽን የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ዘይቱ 70 ሲሆን ውሃው ከቧንቧ የመጣ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው ዋክሱና ቅቤው ሥራቸውን ሳይጀምሩ ይረጋሉ። ሁለቱን ቀላቅላችሁ በእጅ ብሌንደር ለ2 ደቂቃ ያህል እያረፋችሁ ምቱ፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ በማንኪያ አማስሉ። ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፕሪዘርቫቲቩንና ቫይታሚን ኢውን ጨምሩ።

ፕሪዘርቫቲቩ ሳይገባ ከተለያየ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ 70 ዲግሪ መልሱና እንደገና ምቱ፤ አሁንም ካልያዘ 1 ወይም 2 ግራም ዋክስ ጨምሩ። ከገባ በኋላ ከተለያየ የፕሪዘርቫቲቩ መመሪያ ሙቀት እንደሚችል ካልገለጸ በስተቀር አታሙቁት።

ሻገተ

ቫይታሚን ኢ ፕሪዘርቫቲቭ አይደለም። ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል እንጂ ባክቴሪያም ሻጋታም አይገድልም፤ ይህ ስህተት ስለተደጋገመ ነው ለይተን የምናነሣው። ውሃ ያለበት ማንኛውም ቅባት ለመዋቢያ የተሠራ ፕሪዘርቫቲቭ በአምራቹ ልክ ይፈልጋል። ትኩስ የእሬት ዝልግልግ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ወተት፣ የፍራፍሬ ፈሳሽ ሁሉም ውሃ ናቸው፤ ፕሪዘርቫቲቭም ቢሆን ሁልጊዜ አይችላቸውም፣ ባይገቡ እንመርጣለን።

ውሃ በሌለበት ቅባት ላይ ሻጋታ ከታየ ውሃው ከውጭ ገብቷል፦ ከማቅለጫው እንፋሎት፣ በደንብ ካልደረቀ ብልቃጥ፣ ወይም ገላውን ሲታጠብ በእርጥብ ጣት ከሚነካ ሰው። ማንኪያ ተጠቀሙ፣ ወይም ባር ሥሩ።

ሽታው ተለወጠ

ጥሬ የኮኮዋ ቅቤ የቸኮሌት ሽታ አለው፤ ይህ ጉድለት አይደለም። መዓዛችሁን ከሸፈነባችሁ ሽታው የተወገደለትን ዓይነት ግዙ። የቆየ ለውዝ፣ ቀለም ወይም የሰም እርሳስ የመሰለ ሽታ ከመጣ ግን ዘይቱ ተበላሽቷል፣ አይመለስም። የኮኮዋ ቅቤው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚቆይ ነው፤ ቀድሞ የሚበላሸው አብሮት የገባው ዘይት ነው፣ በተለይ የወይን ፍሬ ዘይትና ተራው የሱፍ ዘይት። ዕድሜ ከፈለጋችሁ ጆጆባ ይሻላል። የብልቃጡም ዕድሜ የሚቆጠረው ቶሎ ከሚበላሸው ዘይት የማብቂያ ቀን ነው።

ብጉር ወጣ፣ አሳከከ

የኮኮዋ ቅቤ ከ0 እስከ 5 ባለው የቆዳ ቀዳዳ መድፈን መለኪያ ላይ 4 ይሰጠዋል። መለኪያው በአብዛኛው በጥንቸል ጆሮ ላይ ከተደረገ ሙከራ የመጣ ስለሆነ ለሁሉም ሰው ፊት አይሠራም፤ ፊታችሁ ቀድሞም ብጉር የሚወድ ከሆነ ግን ቅባቱን ለገላ፣ ለክርንና ለተረከዝ ተዉት። ማሳከክና መቅላት ሲሆን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መዓዛ ዘይቱ ነው። ለገላ ከ1 በመቶ አትለፉ፤ ለ200 ግራም 2 ግራም ማለት ነው፣ ተመዝኖ እንጂ በጠብታ ተቆጥሮ አይደለም። ከልጣጩ የተጨመቀ የሎሚ ወይም የቤርጋሞት ዘይት ያለበት ቅባት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል። አዲስ ቅባት መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብታችሁ 48 ሰዓት ተከታተሉ።

የእርግዝና ሸንተረር አልጠፋ ካላችሁ ጥፋቱ የአሠራራችሁ አይደለም። በ2008 እና በ2010 የታተሙ ሁለት ጥናቶች የኮኮዋ ቅቤ ቅባትን ከማስመሰያ ቅባት ጋር አወዳድረው ሸንተረርን በመከላከል የተሻለ ሆኖ አላገኙትም።

ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ልብስ ያበላሻል

ብዙ ጊዜ የተቀባው በዝቷል፤ ውሃ የሌለበት ቅባት ለአንድ እጅ የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃዋል፣ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ሲቀባ ደግሞ ይበልጥ ይሰራጫል። አሁንም ከከበደ ለ200 ግራም ከ6 እስከ 10 ግራም በወንፊት የተነፋ የበቆሎ ስታርች ቅባቱ ሊመታ ሲል ጨምሩ። ትኩሱ ላይ ከገባ ከታች ይዘቅጣል።

ሲንኩ ዘጋ

የቀለጠ የኮኮዋ ቅቤና ሰም በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሄደ ቢመስልም ቧንቧው ውስጥ ቀዝቅዞ ይረጋል። ሳህኑንና መምቻውን ገና ሞቅ እያሉ በወረቀት ጠርጋችሁ ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፣ ከዚያ በኋላ ነው ሳሙና። ሰም የቀረበትን ዕቃ ለ10 ደቂቃ ፍሪዘር ብታስገቡት ሰሙ ሲመታ ተሰባብሮ ይወድቃል።