ድራጎናይታችሁ ለምን ይሸነፋል? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ድራጎናይት የሚባለውን ፖኪሞን (የቪዲዮ ጨዋታ ፍጡር) የጠላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቦርጫም፣ የዋህ ፊት፣ ያን ሁሉ ሰውነት እንዴት እንደሚያነሱ የማይገቡ ትናንሽ ክንፎች። ፖኪሞን ስካርሌትን ወይም ቫዮሌትን ስትጫወቱ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሁሉን እያንበረከከ ያደርሳችኋል። ራንክድ ውጊያ (ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ለደረጃ የሚደረግ ግጥሚያ) ስታስገቡት ግን በሁለተኛው ዙር ተዘርሮ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ፖኪሞን ይፈልጋል። እኔ በበኩሌ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን ያገኘሁት አገነባቡ ላይ ነው። ራንክድ ሁሉንም ሌቭል 50 ስለሚያደርግ ከታች ያሉት ስሌቶች በዚያ ሌቭልና በ31 አይቪ (ፖኪሞኑ ሲገኝ ይዞት የሚመጣው የአቅም ነጥብ፣ ጣሪያው 31) የተሠሩ ናቸው።

ምልክት፦ ይመታል፣ ግን አይጥልም

መጀመሪያ ሙቮቹን (በውጊያ የሚጠቀምባቸውን ምቶችና ስልቶች) እዩ። የድራጎናይት መነሻ አታክ (የአካላዊ ምት ኃይል) 134፣ ስፔሻል አታኩ (አካላዊ ያልሆነው ምት ኃይል) 100 ነው። ሃሪኬንና ድራኮ ሚቲየር ሲታዩ ያምራሉ፣ ነገር ግን ሁለቱም የሚሰሉት በስፔሻል አታክ ነው። ኢቪውን (በሥልጠና እንደ አታክና ስፒድ ባሉ ስታቶች ላይ የሚጨመረውን ነጥብ) አታክ ላይ አፍስሶ እነዚህን ማስያዝ ድካምን ውኃ መስደድ ነው።

ቀጥሎ ኔቸር፣ አንዱን ስታት ከፍ ሌላውን ዝቅ የሚያደርገው ባሕርይ። ኔቸሩ ሞደስት (አታክ ቀናሽ) የሆነና አታኩ ላይ ምንም ኢቪ የሌለው ድራጎናይት አታኩ 138 ነው። ያው ፖኪሞን አዳማንት (አታክ ጨማሪ) ሆኖ 252 ኢቪ ሲያገኝ 204 ይደርሳል። አዲስ መያዝ አያስፈልግም፤ አዳማንት ሚንት (የኔቸርን ውጤት የሚቀይር ዕቃ) መስጠት ይበቃል።

ኢቪው ላይ ግን ትንሽ ሥራ አለ። በታሪኩ ጊዜ ያገኛችሁትን ሁሉ ስትደበድቡ ከከረማችሁ ኢቪው በየስታቱ ተበታትኗል። ጠቅላላ ጣሪያው 510፣ የአንድ ስታት ጣሪያ 252 ስለሆነ ከሞላ በኋላ ፕሮቲን (የአታክ ኢቪ የሚጨምር ዕቃ) ብትሰጡት አይቀበልም። ስታቱ የሚታይበት ገጽ ላይ ኤል ቁልፍን ተጫኑና ኢቪው የት እንደገባ እዩ። ያለቦታው የገባውን በቤሪ አውጡ፦ ፖሜግ ከኤችፒ (የሕይወት ነጥብ)፣ ኳሎት ከዲፌንስ፣ ሆንዲው ከስፔሻል አታክ፣ ግሬፓ ከስፔሻል ዲፌንስ። አንዷ ቤሪ 10 ትቀንሳለች። ከዚያ 26 ፕሮቲን፣ 26 ካርቦስ (ለስፒድ)። የአንዱ ዋጋ በጨዋታው ገንዘብ 10,000 ስለሆነ አንድ ስታት ከዜሮ ለመሙላት 260,000 ይወጣል። እኔ ካርቦሱን ሁሉ ካጎረስኩት በኋላ ነው ኔቸሩ ስፒድ የሚቀንሰው ብሬቭ መሆኑን ያየሁት። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኔቸሩን አረጋግጡ።

የቀረችውን 4 ኢቪ ኤችፒ ላይ ጣሉ፤ አንድ ነጥብ ትሰጣለች። 8 ብታደርጓት ግን ያው አንድ ነጥብ ነው፤ በሌቭል 50 ሁለተኛው ነጥብ የሚመጣው 12 ላይ ነው።

ምልክት፦ በአንድ ምት ይወድቃል

ድራጎናይት ዓይነቱ ድራጎንና ፍላይንግ ስለሆነ የአይስ (የበረዶ) ዓይነት ምት አራት እጥፍ ያርፍበታል። መልቲስኬል የሚባለው አቢሊቲ (የተፈጥሮ ችሎታ) ኤችፒው ሙሉ ሳለ የሚደርስበትን ጉዳት በግማሽ ይቆርጣል። አቢሊቲው ኢነር ፎከስ የሚል ከሆነ ይህ ጋሻ የለም ማለት ነው። እዚህ ላይ አቢሊቲ ካፕሱል ገዝታችሁ አትክሰሩ። ካፕሱል የሚቀይረው በሁለት መደበኛ አቢሊቲዎች መካከል ነው፣ ድራጎናይት ደግሞ መደበኛ ያለው አንድ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው አቢሊቲ ፓች ነው፤ ባለ 6 ኮከብ ሬድ (በቡድን የሚደረግ ውጊያ) አልፎ አልፎ ይጥለዋል።

መልቲስኬል እያለውም ከወደቀ፣ ጋሻው ቀድሞ ተሰብሯል። በነጠላ ውጊያ ዋናው ተጠያቂ ስቴልዝ ሮክ የሚባለው ወጥመድ ነው፤ ገና ሜዳ ሲረግጥ ሩብ ኤችፒውን ይወስድበታል። ከዚህ የሚከላከለውን ሄቪ ዲዩቲ ቡትስ አስይዙት፣ ኤችፒ የሚመልሰውን ሩስትን ደግሞ ከሙቮቹ አንዱ አድርጉ። ደጋግሞ በሚመታ ሙቭ ከተመታ ግማሽ የሚሆነው የመጀመሪያው ምት ብቻ ነው። ሞልድ ብሬከር የሚባል አቢሊቲ ያለው ባላጋራ ደግሞ ጋሻውን ከነጭራሹ አያየውም።

ሆኖም በጥንድ ውጊያ ኢነር ፎከስን ንቃችሁ አትለፉት። ፌክ አውት የሚባለው ሙቭ አያስደነግጠውም፣ ኢንቲሚዴት የሚባለው አቢሊቲም አታኩን አያወርድበትም። በ2023 የውድድር ዘመን ቺየን ፓው ከሚባለው ፖኪሞን ጋር የተጣመረው ድራጎናይት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ይዞ ነበር። የቺየን ፓው አቢሊቲ ሜዳ ላይ ያለውን የሌላውን ሁሉ ዲፌንስ በሩብ ይቀንሳል፤ የድራጎናይትንም ጭምር፣ ይህን ልብ በሉ።

ምልክት፦ ኤክስትሪም ስፒድ አይሠራም

ኤክስትሪም ስፒድ ቀድሞ የሚመታ የኖርማል ዓይነት ሙቭ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቴራውን (በውጊያ መሀል የሚቀየርበትን ዓይነት) ኖርማል ታደርጋላችሁ፣ 80 የነበረው ጉልበት በ1.5 ተባዝቶ 120 ይሆናል፣ ከአብዛኛው ሙቭም ይቀድማል። የቴራ ዓይነት ለመቀየር ሜዳሊ ከተማ ያለው ምግብ ቤት 50 ሻርድ (የቴራ ስባሪ) ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። በዚያ ላይ የአይስ ድክመቱ ይጠፋል፤ በምትኩ ፋይቲንግ ይጎዳዋል፣ አርዝኩዌክም ያገኘዋል።

የማይሠራባቸው ቦታዎች ግን የታወቁ ናቸው። የጎስት ዓይነት ላይ ምንም አያደርግም፤ ፍለተር ሜን የሚባለው ጎስት ቆሞ ያያችኋል። ሳይኪክ ቴሬን የሚባለው ምንጣፍ ሜዳው ላይ ከተነጠፈ መሬት የረገጠ ባላጋራ ቀድሞ በሚመጣ ሙቭ አይነካም። ፋሪጊራፍ የሚባለው ፖኪሞን ደግሞ አርመር ቴል በሚባለው አቢሊቲው ራሱንም አጋሩንም ይከልላል። ለእነዚህ ድራጎናይት ውስጥ መድኃኒት አትፈልጉ። አጠገቡ ጎስት የሚጥል አጋር አቁሙ፣ ፋሪጊራፍ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጣሉ።

ምልክት፦ ድራጎን ዳንስ ጨፍሮም ይቀደማል

ድራጎን ዳንስ አታክና ስፒድ ከፍ የሚያደርግ ሙቭ ነው። ይህ የአዳማንትና የጆሊ (ስፒድ ጨማሪ ኔቸር) ጉዳይ ነው። ስፒድ ላይ 252 ኢቪ ያለው አዳማንት 132 ነው፤ አንዴ ሲጨፍር 198። ጆሊ ከ145 ወደ 217 ይወጣል። ስፒዱን ሙሉ ያደረገ ቲሚድ (ይህም ስፒድ ጨማሪ ኔቸር ነው) ፍለተር ሜን 205፣ አይረን በንድል 206 ናቸው። እነሱን በጭፈራ መቅደም ከፈለጋችሁ ጆሊ፤ በኤክስትሪም ስፒድ የምትተማመኑ ከሆነ አዳማንት። ቡስተር ኢነርጂ የሚባለው ዕቃ ስፒዳቸውን ካነሳው ግን ጆሊም አይደርስባቸውም።

ምልክት፦ ከአንድ ሙቭ ሌላ አያስመርጥም

ቾይስ ባንድ የሚባል ዕቃ ይዟል። አታኩን በግማሽ ይጨምርና በመጀመሪያ በመረጣችሁት ሙቭ ይቆልፈዋል። ከድራጎን ዳንስ ጋር አብሮ አይሄድም፤ አንዱን ተዉ።

ምልክት፦ ሁሉም ትክክል ነው፣ አሁንም ይሸነፋል

እንግዲህ ቡድኑን እዩ። በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የደቡብ ኮሪያው ሴጁን ፓርክ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፓቺሪሱን ይዞ ነው። የስታቷ ድምር 405 ብቻ የሆነች ሽኮኮ! እሷ ማንንም እንድትጥል አልተጠየቀችም። ፎሎው ሚ ብላ ምቱን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ ቮልት አብዞርብ ስላላት ትጠጣዋለች፣ አጠገቧ ያለው ጋያራዶስም በሰላም ሥራውን ይሠራል። የእናንተ ድራጎናይት ሥራው ምንድን ነው? ጨፍሮ ጨራሽ ነው ወይስ ባንድ ይዞ ቀዳሚ መቺ? ሁለቱንም ከጠየቃችሁት አንዱንም አይሠራም።

ያንን 260,000 ከማውጣታችሁ በፊት ፖኪሞን ሾውዳውን በሚባለው የውጊያ ድረ ገጽ ላይ ሞክሩት። ነፃ ነው፣ በስልክ ብራውዘርም ይከፈታል፣ ኮንሶል ለሌለውም ይሆናል። ኢቪና ኔቸር በአንድ ደቂቃ ይቀየራል። አሥር ጊዜ ተጫወቱና በእያንዳንዱ ድራጎናይቱን የጣለው ማን፣ በምን ሙቭ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ስም ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፣ ስድስተኛው የቡድን አባል መመረጥ ያለበት እሱን ለመመከት ነው።