ከጣና ዳር የተተከለው ሊዳር የቅርቡን ብናኝ ማየት ሲሳነው

ባሕር ዳር ጣሪያ ላይ የተከልነው፣ በ532 ናኖሜትር አረንጓዴ የሌዘር ጨረር የአየር ብናኝ የሚለካው ሊዳር (ጨረር ወደ ሰማይ ልኮ ከብናኝ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን በቴሌስኮፕ የሚቀበል መሣሪያ)፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ያለውን አየር ንጹሕ አድርጎ ያሳይ ጀመር፤ የማገዶ ጭስ እየሸተተኝ ይህን ላምን አልቻልኩም። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት የሐይቁን የማለዳ ጤዛ ነበር፤ የመሣሪያውን መስኮት ብወለውለውም ለውጥ አልመጣም። ከዚያም የቴሌስኮፑን አፍ በካርቶን ሸፍኜ ሩቡን ብቻ በየተራ እየከፈትኩ ለካሁ። ሌዘሩ ከቴሌስኮፑ በስተሰሜን ስለቆመ የምሥራቁና የምዕራቡ ሩብ እኩል ምልክት ሊሰጡ ሲገባ፣ በቅርቡ ርቀት በእጅጉ ተለያዩ፤ ይህም ጨረሩ ወደ ጎን ማዘንበሉንና ወደ ቴሌስኮፑ እይታ ዘግይቶ መግባቱን አሳየኝ። መከላከያ መነጽር አድርጌ ጨረሩን የሚመራውን መስታወት የላላ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ባዞርኩት ጊዜ የሁለቱ ሩቦች የምልክት መስመሮች ከ300 ሜትር ጀምሮ ገጠሙ። ከዚያ በታች ያለውን መረጃ ግን አሁንም አልጠቀምበትም።