ምንጣፉን አትጎትቱት፦ ትኋን ሲገባ የሚሠሩ ስህተቶች

ሥራዬ ምንጣፍ ማጠብና ከተባይ ማጽዳት ነው። ትኋን ገባ ተብዬ ስጠራ ብዙ ጊዜ በሩ ላይ የሚቀበለኝ ተጠቅልሎ ኮሪደር ላይ የቆመ ምንጣፍ ነው። ያኔ ሥራው እጥፍ መሆኑን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

ምንጣፉን ሳይሸፍኑ ከክፍል ወደ ክፍል መጎተት። ትኋን አይበርም፣ አይዘልም። በእግሩ ነው የሚሄደው። ሩቅ የሚያደርሰው ሰው ነው። ምንጣፉን ስታነሱት ስሩና ጠርዙ ላይ የተሸሸጉት ይረበሻሉ፣ መንገድ ለመንገድ ይራገፋሉ። እንቁላል የያዘች አንዲት ሴት ትኋን ሶፋው ሥር ከወደቀች ሳሎኑም ተያዘ ማለት ነው። በቀን ከአንድ እስከ አምስት እንቁላል ትጥላለችና።

አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ትኋኑ የነበረው በእሷ መኝታ ክፍል ብቻ ነው። ምንጣፉን ጎትታ ልጆቹ ክፍል አስቀመጠችው። «እርስዎ እስኪመጡ ብዬ ነው» አለችኝ። ስደርስ የልጆቹን አልጋም መፍታት ነበረብን። ከዚያ በኋላ ስልክ የሚደውልልኝን ሁሉ መጀመሪያ የምለው «እባካችሁ ባለበት ተዉት» ነው። ግማሹ አይሰማኝም። ስደርስ ምንጣፉ በረንዳ ላይ ተሰቅሎ በዱላ እየተመታ አገኘዋለሁ!

ከክፍሉ መውጣቱ የግድ ከሆነ እዚያው ውስጥ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ። ምንጣፉን በላዩ ጠቅልሉት፣ ሁለቱንም ጫፍ በፕላስተር አሽጉ፣ ከዚያ አንሱት። ለሚያጥበው ሰው ደግሞ ንገሩት። ብዙ ሰው ማፈሩ ይገባኛል። ግን ትኋን የሚፈልገው ደም ነው፤ የቤቱን ንጽህና አይመርጥም። ሳትነግሩት ከላካችሁ የሌላ ሰው ንብረት ላይ ታዛምታላችሁ።

ጥፋቱን ሁሉ ምንጣፉ ላይ መጣል። ትኋን ሱፍ አይበላም። የተኛ ሰው ትንፋሽና የሰውነት ሙቀት ነው የሚስበው። አብዛኛው የሚሸሸገው አልጋው ላይና ዙሪያው ነው፤ የፍራሽ ስፌት ውስጥ፣ የአልጋው መጋጠሚያ ላይ፣ ራስጌው ጀርባ። ምንጣፍ ላይ ካያችሁ አልጋውን ሳትፈትሹ ምንም አትጀምሩ። ምንጣፉን አሳጥቦ አልጋውን የተወ ሰው ገንዘቡን ነው ያጠበው።

ምንጣፉ ላይ ደግሞ ሰው በሚረግጠው መሃል አትድከሙ። ወደ አልጋው የቀረበውን ጠርዝ፣ ዘርፉን፣ የታችኛውን ፊት፣ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ እዩ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈ ከሆነ ዞኮሎው ሥር የገባውን ጠርዝ በባትሪ ፈትሹ። የምትፈልጉት ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ቡናማ ነገር ነው። ጥቋቁር ነጠብጣብ፣ የተጣለ ቆዳ፣ 1 ሚሊሜትር የማይሞላ ነጭ እንቁላልም ምልክት ነው።

ምንጣፉ እየተበሳ ወይም ፀጉሩ እየረገፈ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ብል ወይም የምንጣፍ ጥንዚዛ ነው። የትኋን መድኃኒት ይዛችሁ አትሩጡ።

ፍሊት እስኪበሰብስ መንፋት። ትኋን መድኃኒትን መልመድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዲዲቲን የሚቋቋም ትኋን እ.ኤ.አ. በ1947 ሃዋይ ውስጥ ፐርል ሃርበር ላይ ታይቷል። ዛሬ በየቤቱ የሚነፋው ፍሊት በአብዛኛው ፓይረትሮይድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሱንም የለመዱ ትኋኖች በብዙ አገር አሉ። ክፍሉን በጭስ የሚሞላው ቆርቆሮ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ጭሱ ስንጥቅ ውስጥና ምንጣፍ ሥር በደንብ አይደርስም። ምንጣፍ ላይ የሚድኸው ሕፃን ግን መድኃኒቱን በእጁ ይዞ አፉ ውስጥ ይከተዋል። መርጨት ካስፈለገ ለትኋን የተፈቀደ፣ መለያው ላይም ምንጣፍ ላይ ይረጫል የሚል ይሁን።

ላምባ፣ ቤንዚን፣ አልኮል፦ በጭራሽ። ቤት ይቃጠላል።

ፀሐይን ማመን። ሙቀት ትኋንን በእርግጥ ይገድላል። እንቁላሉም ጭምር እንዲሞት ግን ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት የምንጣፉን ውስጥ ድረስ ገብቶ መቆየት አለበት። ፀሐይ ላይ የላይኛው ፊት ይግላል፣ የታችኛው ቀዝቀዝ ይላል፣ ትኋኑም ወደዚያ ይሸሻል። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚገባ ትንሽ ምንጣፍ ካላችሁና መለያው ከፈቀደ፣ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ ማዞር ከአንድ ሳምንት ፀሐይ ይበልጣል።

ለትልቁ እንፋሎት ጥሩ ነው፤ የሚበላሸው በአጠቃቀሙ ነው። ሰው እንደ ካውያ ያሯሩጠዋል። ቀስ በሉ። እንፋሎቱ ያለፈበት ቦታ ወዲያው ሲለካ ከ70 ዲግሪ ያላነሰ መሆን አለበት። ቀጭን አፍ አትጠቀሙ፣ ትኋኑን በትኖ ያባርረዋል። ሱፍና ቀለሙ የሚለቅ ምንጣፍ ከሆነ ጥግ ላይ ሞክሩ። ከዚያ በደንብ ይድረቅ፣ አለበለዚያ ሻጋታ ይከተላችኋል።

ቅዝቃዜም ይሠራል፤ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ ለአራት ቀን። ፍሪዘራችሁ እዚያ መድረሱን ግን በቴርሞሜትር አረጋግጡ።

ቫኪዩም አንድ ጊዜ አድርጎ «አለቀ» ማለት። ቫኪዩም የሚሄደውን ትኋን ይስባል። እንቁላሉ ግን ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው፣ በቀላሉ አይነሳም። በክፍል ሙቀት ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ መድገም ነው፣ ለሳምንታት። የቫኪዩሙን ከረጢት ወዲያውኑ አሽጋችሁ ከቤት አውጡት። ማሽኑ ውስጥ ካደረ በመጣበት ይወጣል።

በረሃብ ይሞታል ብሎ ስቶር ውስጥ መክተት። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል። ቦታው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ወር ቀልድ ነው።

የሚጣል ምንጣፍ ካለ ቆራርጣችሁ፣ ትኋን አለበት ብላችሁ ጻፉበትና ጣሉት። ያገለገለ ምንጣፍ ስትገዙ ደግሞ ከፊቱ በፊት ጀርባውን እዩት።

መከላከሉ ብዙ ጣጣ የለውም። አንሶላና ብርድ ልብስ ምንጣፉን እንዳይነካ ወደ ላይ ሰብስቡ፤ አለበለዚያ መሰላል ሠራችሁለት። አልጋውን ከግድግዳ አርቁ፣ ከእያንዳንዱ እግሩ ሥር የትኋን መያዣ ሳህን አድርጉ። ሳህኖቹን በየሳምንቱ እዩ፤ መነከስ አቆምኩ ብላችሁ አትተዉት፣ ቆዳው ምልክት የማያወጣ ሰው ብዙ ነው። ከጉዞ ስትመለሱ ሻንጣውን መኝታ ክፍል ምንጣፍ ላይ አትክፈቱ። ልብሱ በቀጥታ ወደ ማጠቢያና ማድረቂያ ይግባ፣ ሻንጣውን ባዶ ወለል ላይ በባትሪ ፈትሹት።