«በልቻለሁ» የሚሉ አረጋውያን እቤታቸው በደንብ እንዲበሉ እንዴት እናግዛቸው?

እናቴ ጋ ደውዬ «ምሳ በላሽ?» ስላት መልሷ ሁሌም አንድ ነው። «በልቻለሁ፤ ይልቅ አንተ ብላ።» አንድ ቅዳሜ ሳልናገር ሄድኩባት። ሞሰቡ ውስጥ ጫፉ የደረቀ እንጀራ አለ፣ ባለፈው ሳምንት የወሰድኩላት ሙዝ ጠቁሮ ተቀምጧል፣ ምድጃው ላይ ያለው በራድ ብቻ ነው። ለካ «በልቻለሁ» ማለት ሻይ በዳቦ ማለት ነበር። ጠዋትም፣ ምሳም፣ ማታም።

ደንግጬ ፍሪጁን ሞላሁት። በሳምንቱ ግማሹን ጣልነው። ለምን እንደማትበላ ሳላውቅ ነበር የምገዛው፤ ስለዚህ እናንተ ከገበያ አትጀምሩ።

1. መጀመሪያ ተመልከቱ

በምግብ ሰዓት ሳትናገሩ ሂዱ። ድስቱን ግለጡ፣ ቆሻሻ መጣያውንም እዩ። ቀሚሳቸው ሰፍቷል? ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ይንሸራተታል? አባት ከሆኑ ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል? ከዛ ይመዘኑ። ሚዛን መግዛት የግድ አይደለም፣ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉ። ሳያስቡት በአንድ ወር ከክብደታቸው 5 በመቶ፣ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ ከቀነሱ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው በወር 3 ኪሎ፣ በ6 ወር ደግሞ 6 ኪሎ ማለት ነው። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

2. የማይበሉበትን ምክንያት ድረሱበት

እናቴ ሥጋ ባቀረብኩላት ቁጥር «ጾም ይዣለሁ» ትለኝ ጀመር፣ ያውም በበዓለ ሃምሳ! በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርሷን መሳቢያ ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ አገኘነው። ሰፍቷት ድዷን እያቆሰላት ነበር፣ ለእኛ መናገር ግን አፈረች። ጥርሱ ሲስተካከል ጾሙም አበቃ።

የእናንተ ቤት ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ሽታና ጣዕም የመለየት አቅም ይደክማል፣ ስለዚህ «ወጡ አይጣፍጥም» ሲሉ ያበሰለችውን ልጅ አትቆጧት። አፍ የሚያደርቅ፣ የሚያቅለሸልሽ፣ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት አለ፤ የሚወስዱትን በሙሉ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ እንጂ በራሳችሁ አታስቁሙ። የሆድ ድርቀትም ያስጠላል። ጣታቸውን የሚያማቸው ሰው ድስት ማንሳት ሲያቅተው ዳቦ ይቆርሳል፣ አለቀ። ሐዘንም አለ፤ 40 ዓመት ለሁለት ስታበስል የኖረች ሴት ለራሷ ብቻ ሽንኩርት መክተፉ ምኑ ይጥማታል? አንዳንዶቹ ደግሞ አይዋሹም፣ በእርግጥም የበሉ ይመስላቸዋል። መርሳት ከተደጋገመ እሱም ለሐኪም ይነገር።

3. ትንሽ ትንሽ፣ ግን ፍሬ ያለው

የተቆለለ ትሪ ገና ሲያዩት ያጠግባቸዋል። በቀን አምስቴ ትንሽ ትንሽ ማቅረብ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፕሮቲን ነው፤ ያለሱ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ጉልበት ይከዳል፣ መውደቅ ይመጣል። በአብዛኛው ለአረጋውያን የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ። ኩላሊት ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

የእናቴ ቀን አሁን እንዲህ ነው። ጠዋት በወተት የተሠራ ቂንጬ ወይም ገንፎ ከእንቁላል ጋር። ረፋድ ላይ አጥሚት፣ አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ተጨምሮበት (ጉልበት ያለው ነገር ሳይበዛ የሚገባው እንዲህ ነው)። ምሳ ምንቸት አብሽ ወይም ሽሮ፣ እንጀራው ተፈትፍቶ፣ አጠገቡ በደንብ የበሰለና የደቀቀ ጎመን ወይም የዱባ ወጥ። ከሰዓት እርጎ ወይም አቡካዶ። ማታ የምስር ሾርባ። ምንቸት አብሽን የፈጠረ ሰው ጥርስ የሌለው አያት እንደነበረው እርግጠኛ ነኝ።

ጣዕም ሲጠፋባቸው እጃቸው የሚሄደው ወደ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው ጨው ራሱ ይቆጠራል። በምትኩ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ሎሚ ጨምሩ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር፤ ወጣት የሚችለው ኢንፌክሽን አረጋዊን አልጋ ላይ ይጥላል። ኬክና ለስላሳ ይዞ መሄድም ለእኔ ከባዶ እጅ ብዙም አይሻልም።

4. ውሃ

የመጠማት ስሜት ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም «ሲጠማቸው ይጠጣሉ» ብላችሁ አትተዉ። ብዙዎቹ ሆን ብለው አይጠጡም፣ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነዋ! ሌሊት በጨለማ መውጣት ይፈራሉ። አብዛኛውን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አጠጡ፣ ለሌሊት ደግሞ አልጋ አጠገብ ፖፖ አስቀምጡ። ልብ ወይም ኩላሊት ላይ ችግር ካለ የውሃውንም መጠን ሐኪም ይወስን።

ሻይና ቡና ምግብ ላይ ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉ። ቡናን ከእናቴ መንጠቅ የሚችል ሰው አልተወለደም፤ ከምሳ አንድ ሰዓት በኋላ ብቻ አደረግነው።

5. ጾም

ይሄ በክርክር አይፈታም። ልጅ «አትጹሚ» ሲል እናት ትብስበታለች። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም። የንስሐ አባታቸውን ጥሩና ሕመሙን፣ መድኃኒቱን ንገሯቸው። እኛ ቤት እሳቸው አንድ ቃል ሲሉ ያበቃው ነገር እኔን ሁለት ዓመት አጨቃጭቆኛል። ለሙስሊም አረጋውያንም መንገድ አለው፤ መጾም ያቃተው ሽማግሌ ፊድያ ይከፍላል፣ ማለትም ባልጾመው ቀን ፈንታ ድሃ ያበላል። በተለይ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ አያቆይ፣ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

መጾሙ ካልቀረ ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ ይብዛ። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእህልና ከአትክልት አይገኝም፣ ሲያረጁ ደግሞ ሰውነት እሱን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ በደም ምርመራ እንዲታይ ጠይቁ።

6. ብቻቸውን አይብሉ

ምግቡን አስቀምጦ መሄድ አይሠራም። ሞክሬዋለሁ። አብራችሁ ከአንድ ትሪ ብሉ፣ እናት የልጇን ጉርሻ እምቢ ስትል አላየሁም። እኛ ቤት ማን በየትኛው ቀን እንደሚሄድ ተከፋፍለናል፣ በቀሩት ቀናት ጎረቤቷ ምሳዋን ይዛ ትመጣለች፣ እኛም የእሷን አስቤዛ በከፊል እንሸፍናለን። ውጭ ያላችሁ ደግሞ፣ ብሩ ቢመጣም ወጡን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ ለአስቤዛ ብቻ ሳይሆን ለሚያበስል ሰው ላኩ። አዲስ አበባ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን አካባቢ ነው፣ በቪዲዮ ደውላችሁ እናንተ ምሳ እነሱ እራት ብሉ።

ኩሽናውን ግን አትቀሟቸው። እናቴ ሁለት ሠራተኛ አባራለች፣ አንዷን ቁሌቱ ቶሎ ወጣ ብላ። ሦስተኛዋ ስትመጣ ወንበር ኩሽና ውስጥ አስገባንላት። ምስር ትለቅማለች፣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ታዛለች። የራሷ እጅ የገባበትን ትበላለች።

ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ትን ትን የሚላቸው፣ ምግብ ጉንጫቸው ውስጥ የሚቀር ከሆነ በፍጥነት ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። እስከዛው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፣ በሶና ቆሎ ይራቁ።

ከዛ በወር አንዴ፣ በዚያው ሚዛን መዝናችሁ ካላንደር ላይ ጻፉ። እናቴ ባለፈው ወር አንድ ኪሎ ጨምራ ነበር። «የልጁ ሚዛን ውሸታም ነው» ብላኛለች።